መርምሮ ማመን፤ የመምህር ዘርዐ ያዕቆብ ሕይወት

በሀገራችን ታሪክ ዘርዐ ያዕቆብ በሚል ስም የታወቁ ሁለት ታላላቅ ሰዎች አሉ። አንደኛው ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው፣ ሥርዐተ ቤተ ክርስቲያንን በጽኑ እጅ ያቆመውና ብዙ መጻሕፍትን ደርሶ ያስደረሰው ንጉሠ ነገሥት ነው። ሁለተኛው ከእርሱ ሞት አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ በአክሱም አውራጃ ከድኻ ገበሬ ቤት የተወለደው፣ ሐተታ የተባለውን መጽሐፍ ጽፎ እንዳለፈ የሚነገርለት መምህር ነው። ንጉሡ እምነትን በዐዋጅ አጸና፤ መምህሩ እምነትን በጥያቄ ፈተነ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። በውስጡ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል ይሁን።

ለማኅበራችን መጽሔት ይህን ሰው የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ በተለምዶ ፈላስፋ እየተባለ ይጠራል እንጂ የዕለት እንጀራው የተገኘው ከማስተማርና ከመጻፍ ነበር። የሥራ ባልደረባችን ነው ማለት ይቻላል። ያጋጠመውም ችግር የመምህር ችግር ነው፤ ይኸውም ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ ሁለት ወገን የሚጣላበትን ነገር ማስተማር የነበረበት መሆኑ ነው። በእምነት የሚኖር ሰው እምነቱን መመርመር ይገባዋልን? መርምሮስ ያገኘውን ለተማሪው መንገር አለበት ወይስ በልቡ ሰውሮ መያዝ? እነዚህ ጥያቄዎች በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የተነሡ ይሁኑ እንጂ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ለሚቆም ሁሉ ዛሬም አዲስ ናቸው።

ስለ ዘርዐ ያዕቆብ የምናውቀው ሁሉ የሚገኘው ከራሱ መጽሐፍና ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት በመጨረሻ ከጨመረው አጭር ቃል ነው። መጽሐፉም ራሱ በሊቃውንት ዘንድ ብርቱ ክርክር የተነሣበት ስለሆነ፣ የክርክሩን ነገር በቦታው እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን መጽሐፉ እንደሚናገረው ሕይወቱን እንከተል።

ልጅነትና ትምህርት

ዘርዐ ያዕቆብ የተወለደው በአፄ ያዕቆብ በሦስተኛው ዘመነ መንግሥት በወርኀ ነሐሴ በሃያ አምስተኛው ቀን ሲሆን፣ ሊቃውንት ዓመቱን 1599 ያደርጉታል። የክርስትና ስሙ ዘርዐ ያዕቆብ ይሁን እንጂ የመንደሩ ሰው የሚጠራው ወርቄ እያለ ነበር። አባቱ ድኻ ገበሬ ቢሆንም ልጁን ከከብት ጥበቃ ይልቅ ለትምህርት ሰጠው። ልጁ ዳዊት ደገመ፤ መምህሩም ብልህነቱንና ትዕግሥቱን አይቶ ወደ ከፍተኛው ትምህርት እንዲልከው አባቱን መከረ።

በመጀመሪያ የገባው ዜማ ቤት ነበር። ይሁንና ድምፁ ሻካራ፣ ጉሮሮው የማይታዘዝ ሆኖበት የጓደኞቹ መሳቂያ ሆነ፤ ከሦስት ወርም በላይ አልቆየበትም። ከዚያ ተነሥቶ ቅኔና ሰዋስው ወደሚያስተምር ሌላ መምህር ሄደ። እዚህ ተሳካለት፤ አራት ዓመት ተቀምጦ ከጓደኞቹ ቀድሞ ዐወቀ። አንድ ልጅ በአንድ ትምህርት ቤት ሰነፍ ተብሎ በሌላው ብልህ መባሉ ለእኛ ለመምህራን አዲስ ነገር አይደለም፤ የዘርዐ ያዕቆብ አባት ልጁን ከዜማ ቤት አውጥቶ ወደ እርሻ ባለመመለሱ ግን ሊመሰገን ይገባዋል።

በቅኔ ቤት ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ወደ ገደል ወደቀ። ከዚያ ገደል በሕይወት መውጣቱን እርሱ የእግዚአብሔር ተአምር አድርጎ ቆጠረው። ሆኖም ምስጋናውን ካደረሰ በኋላ ረጅም ገመድ ይዞ ተመልሶ ሄደና የገደሉን ጥልቀት ለካ፤ ሃያ አምስት ክንድ ያህል ሆኖ አገኘው። ይህን ትንሽ ታሪክ ብዙ ሰዎች ሲያነቡት ያልፉታል። ነገር ግን የሰውየው ጠባይ ከዚህ የበለጠ የሚገለጥበት ቦታ የለም። እግዚአብሔር አዳነኝ ብሎ ያመነው ሰውና ስንት ክንድ ነበር ብሎ የለካው ሰው አንድ ሰው ነው። መለካቱ እምነቱን አላጎደለበትም፤ ማመኑም ገመዱን ከእጁ አላስጣለውም።

ከቅኔ በኋላ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ገብቶ አሥር ዓመት ተማረ። በዚህ ጊዜ የሀገሩን ሊቃውንት ትርጓሜ ብቻ ሳይሆን የፈረንጆችንም ትርጓሜ አጠና። በጊዜው ፈረንጅ የሚባሉት ከፖርቱጋልና ከእስፓንያ የመጡት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ነበሩ። የሁለቱም ወገን ትርጓሜ ብዙ ጊዜ ከገዛ ልቡናው ጋር አልስማማ እንዳለው፣ ይህንንም ለማንም ሳይናገር በሆዱ እንደያዘው መጽሐፉ ይገልጻል።

የአንድምታን ትምህርት ለሚያውቅ ሰው የዚህ ዐሳብ ምንጭ ሩቅ አይደለም። በትርጓሜ ቤት አንድ ንባብ ይነበባል፤ ከዚያ አንድ ፍች ይሰጣል፤ ቀጥሎም አንድም እየተባለ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ፍች ጎን ለጎን ይደረደራል። ተማሪው ሁሉንም በቃል ይይዛል፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ቅኔ ደግሞ ከሰሙ በስተጀርባ ወርቁን መፈለግን ያስተምራል፤ ላይ ላዩን የተነገረው ቃል የመጨረሻው ቃል እንዳልሆነ ልጅን ከታናሽነቱ ያለማምደዋል። እንግዲህ አራት ዓመት ቅኔ፣ አሥር ዓመት ትርጓሜ የተማረ አእምሮ አንድ ቀን ተነሥቶ የእምነትን ነገር ቢመረምር ሊያስደንቅ አይገባም። ጥያቄውን ያስለመደችው ያው ቤተ ክርስቲያኑ ናት።

የጠብ ዘመን

ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ አክሱም ከተመለሰ በኋላ አራት ዓመት አስተማረ። ዘመኑ ግን ክፉ ዘመን ነበር። አፄ ሱስንዮስ፣ ከ1607 ጀምሮ የነገሠው፣ በኢየሱሳዊው ካህን በፔድሮ ፓኤዝ ትምህርት ተስቦ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበለ። በ1625 አልፎንሶ ሜንዴዝ የሮም ፓትርያርክ ሆኖ ገባ፤ በ1626ም ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም መንበር ታዛዥነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ሜንዴዝ የተጠመቁት እንደገና እንዲጠመቁ፣ የተካኑት እንደገና እንዲካኑ፣ የቅዳሜ ሰንበት እንዲቀር በማዘዙ ሀገሪቱ በዐመፅ ታመሰች። ገዳማት ተፈቱ፤ ብዙ ሰዎች ስለ ሃይማኖታቸው ተሰደዱ፣ ሞቱም። ከ1592 እስከ 1642 የኖረችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የዚህን ትግል የእምነት ወገን በጉልህ የምታሳይ ናት። የንጉሡን እምነት ፊት ለፊት ተቃውማ ተግዛለች፤ ገድሏም በ1672 ተጽፎላታል።

ዘርዐ ያዕቆብ ሌላ መንገድ ያዘ። በጉባኤው መጻሕፍትን ሲተረጉም ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያን ደግሞ እንዲህ ይላሉ እያለ የሁለቱንም ያስረዳ ነበር እንጂ ይኸኛው እውነት ያኛው ሐሰት ነው ብሎ አይፈርድም ነበር። እኛ ራሳችን መልካም ከሆንን ሁሉም መልካም እንደሚሆን ያስተምር ነበር። ይህ የአንድምታ መምህር ልማድ በሰላም ዘመን ሊቅ ያሰኝ ነበር፤ በጠብ ዘመን ግን ከሁለት ወገን ጠላት አተረፈለት። ለተዋሕዶዎቹ ፈረንጅ መሰላቸው፤ ለፈረንጆቹ ተዋሕዶ መሰላቸው። በመጨረሻም ወልደ ዮሐንስ የተባለ የአክሱም ካህንና የንጉሡ ወዳጅ፣ ይህ ሰው ሕዝቡ ለሃይማኖቱ እንዲነሣ፣ ንጉሡም እንዲገደል ይመክራል ሲል ከሰሰው።

ዘርዐ ያዕቆብ ክሱን እንደሰማ በሌሊት ተነሥቶ ሸሸ። ይዞት የወጣው ያለውን ሦስት ወቄት ወርቅና አንድ መዝሙረ ዳዊት ብቻ ነበር። የት እንደሚሄድ ለማንም አልተናገረም።

ዋሻው

በተከዜ አቅጣጫ አድርጎ ወደ ሸዋ በሚወስደው መንገድ ሲጓዝ፣ ሰው በማይኖርበት ጥልቅ ሸለቆ ሥር መልካም ዋሻ አገኘ። ዐውሬ እንዳይገባበት በድንጋይና በእሾህ አጠረው፤ የሚያሳድዱት ሰዎች ቢመጡ የሚያመልጥበትንም መውጫ አበጀ። በዚያ ሁለት ዓመት ያህል፣ ሱስንዮስ እስከሞተበት እስከ 1632 ድረስ ተቀመጠ። አልፎ አልፎ ወደ ገበያ ወይም ወደ መንደር ሲወጣ ሰዎች የበረሓ መናኝ መስሏቸው የሚበላውን ይሰጡት ነበር። የቀረውን ጊዜ ዳዊት በመድገምና በማሰብ አሳለፈው። ከመምህራን ዘንድ በነበረበት ጊዜ ካወቀው የበለጠ በዚህ ዋሻ እንዳወቀ በመጽሐፉ ይመሰክራል።

በዚያው መቶ ዓመት፣ በ1596 የተወለደው ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት በአውሮፓ የሃይማኖት ጦርነት መካከል ብቻውን ሆኖ ዕውቀትን ሁሉ ከሥሩ መመርመር ጀምሮ ነበር፤ ስለዚሁ ዘዴ የጻፈው መጽሐፍም በ1637 ታትሟል። ሁለቱን ማነጻጸር የተለመደ ሆኗል። መነሻቸው ግን እንደሚለያይ ማስተዋል ይገባል። የዴካርት መነሻ በእርግጠኝነት ምን ማወቅ እንደሚቻል መጠየቅ ነበር። የዘርዐ ያዕቆብ መነሻ ግን የተገፋ ሰው ጩኸት ነው፤ ሰዎች በእግዚአብሔር ስም እንዲህ ሲጨካከኑ ጸሎቱን የሚሰማ አምላክ በእርግጥ መኖሩን ለማወቅ ፈለገ። አንዱ በዕውቀት ጥርጥር፣ ሌላው በግፍ ምክንያት ወደ ምርመራ ገቡ።

የምርመራው መንገድ

የመጀመሪያው ጥያቄ ፈጣሪ አለን የሚለው ነበር። መልሱንም ያገኘው ከራሱ አካልና ከዳዊት ነው። ጆሮን የተከለ ራሱ እንዴት አይሰማም የሚለው የመዝሙሩ ምክንያት ከሃይማኖት ቃልነቱ ሌላ የልቡናም ማስረጃ ሆኖ ታየው። እኔ ራሴን አልፈጠርሁም፤ ወላጆቼም ራሳቸውን አልፈጠሩም፤ እንዲህ ወደ ኋላ ሲሄድ ያልተፈጠረ አንድ ፈጣሪ ላይ መቆም ግድ ይሆናል፤ ለፍጥረቱ ማስተዋልን የሰጠ ፈጣሪም ራሱ የሚያስተውል ነው ሲል ደመደመ። ስለዚህ የሚጸልየው ጸሎት ከንቱ እንዳልሆነ ተረዳ።

ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ከባድ ነበር። ክርስቲያኑ፣ እስላሙና አይሁዱ፣ ከክርስቲያኑም ፈረንጁና ተዋሕዶው እያንዳንዱ እውነተኛው ሃይማኖት የእኔ ነው ካለ በመካከላቸው ማን ይፍረድ? ሰው ሁሉ ለራሱ ወገን ያደላልና ሰውን ዳኛ ማድረግ አይቻልም። ዘርዐ ያዕቆብ ዳኛ አድርጎ ያቆመው እግዚአብሔር በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ ያኖረውን የልቡና ብርሃን ነው። ሰዎች ይህ ብርሃን እያላቸው የሚሳሳቱት መመርመር አድካሚ ስለሆነ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይፈትኑ ስለሚቀበሉ መሆኑንም ጨምሮ ይገልጻል።

ይህ አባባል ለተራው ሰው እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ወደ ሾላ ገበያ የሄደ ሰው ይህንኑ በየቀኑ ያያል። ቅቤ የምትገዛ እናት ሻጩ ለጋ ነው ስላላት ብቻ ገንዘቧን አትከፍልም፤ ታሸታለች፣ በጣቷ ነክታ ትቀምሳለች፣ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት እንዳይሆን ትጠራጠራለች። ጤፍ የሚሸምት ሰው እፍኝ ዘግኖ እፍ ብሎ ገለባውንና አሸዋውን ያያል። ይህን በማድረጋቸው ሻጩን እንደ ናቁት የሚቆጥር የለም፤ ገበያው የሚጸናው በዚህ ነው። ለአንድ ሳምንት ወጥ የሚሆነውን ቅቤ እንዲህ የሚመረምር ሰው ለዘለዓለም ሕይወቱ የሚሆነውን ነገር ሳይቀምስ እንዲቀበል መጠየቁ ነበር ዘርዐ ያዕቆብን ያስገረመው።

በዚህ ሚዛን የዘመኑን ሥርዐቶች አንድ በአንድ መዘነ። ከዐሥሩ ትእዛዛት የሰንበትን ከማክበር በስተቀር ሌሎቹን ልቡና ሁሉ የሚመሰክርላቸው ሆነው አገኛቸው። ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድን ከሁሉ በላይ አደረገ። የሴት ልጅን የወር ልማድ ርኩሰት የሚያደርገውን ሕግ፣ ልማዱን የሠራው ፈጣሪ ነውና ከፈጣሪ ጥበብ ጋር አይስማማም አለ። ሰው እንደ እንስሳ የሚሸጥበትን የባርነት ንግድ ሰዎች ሁሉ በፈጣሪ ዘንድ እኩል ናቸውና ነቀፈ። ምንኩስና ከጋብቻ ይበልጣል የሚለውን፣ ሰው ሁሉ ቢመነኩስ የሰው ዘር ይጠፋል በማለት ተቃወመ። ስለ ጾምም ፈጣሪ ምግብን ከምግብ፣ ቀንን ከቀን ለይቶ አላዘዘም የሚል ዐሳብ ሰጠ።

የቤተ ክርስቲያን መልስ

እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሚመልሱት መልስ አለ፤ እርሱንም በቅንነት ማቅረብ ይገባል። በገዳማት ከሚነበቡት ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ ዕውቀትን በደረጃ ይከፍላል። የሥጋን ጉዳይ ብቻ የሚያይ ዕውቀት አለ፤ ወደ ነፍስ የሚመለስና መልካሙን ከክፉ የሚለይ ዕውቀት አለ፤ ከዚህም በላይ ዕውቀት በእምነት ተውጦ ከተፈጥሮ በላይ የሚሆንበት ደረጃ አለ። በዚህ ትምህርት ልቡና የእምነት ጠላት አይደለም። እስከ ደጃፉ የሚያደርስ መሪ ነው፤ ደጃፉን የሚያልፈው ግን ብቻውን አይደለም።

ስለ ጾምም የመነኮሳቱ መልስ ቀላል ነው። ጾም ሆድ በልቡና ላይ እንዳይሠለጥን የሚደረግ ልምምድ ነውና ልቡናን የሚያከብር ሰው ጾምን ሊንቅ አይገባውም ይላሉ። ዘርዐ ያዕቆብ ልቡናን ዳኛ ሲያደርግ ልቡና ራሱ በሥጋ ፈቃድ፣ በጥቅምና በፍርሃት ሊጎድፍ መቻሉን አቅልሎ የተመለከተው ይመስላል። ሁለት ሰዎች በቅን ልቡና መርምረው የተለያየ መልስ ቢያገኙ ማን ይፈርዳል የሚለው ጥያቄም በመጽሐፉ ሙሉ መልስ አያገኝም።

በሌላ በኩል ግን ስለ እርሱ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ዘርዐ ያዕቆብ በዋሻው ውስጥ ምርመራ የጀመረው ከጸለየ በኋላ ነው፤ ማስተዋልን የለመነውም ከእግዚአብሔር ነው። ብዙውን የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ሲጥል ዳዊቱን አልጣለም። የዳዊትን ቃል ከልቡናው ጋር የሚስማማ ሆኖ ስላገኘው በየቀኑ ደገመው። ስለሆነም የእርሱን ሕይወት እምነትን በልቡና የለወጠ ሰው ሕይወት አድርገን ብናቀርበው እንሳሳታለን። ጸሎትን ትቶ የመረመረበት ወይም ምርመራን ትቶ የጸለየበት ቀን በመጽሐፉ አይገኝም።

እንፍራዝ

ሱስንዮስ በ1632 የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ በዚያው ዓመትም ሞተ። ዘርዐ ያዕቆብም ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ ደረሰ። በዚያ ሀብቱ የተባለ ባለጸጋ አገኘ። ዘርዐ ያዕቆብ ለዘመዶቹ ደብዳቤ የሚጽፍበት ቀለምና ወረቀት ሲለምነው ሀብቱ ጽሕፈት ማወቁን ተረዳና ዳዊት እንዲጽፍለት በደመወዝ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ በእጁ ሥራ ኖረ፤ የሀብቱንም ልጆች አስተማረ። ከእነርሱ አንዱ ምትኩ የሚባለው ወልደ ሕይወት ዋና ደቀ መዝሙሩ ሆነ።

በሀብቱ ቤት ኂሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች። መልኳ የማያምር፣ ጠባይዋ ግን መልካም፣ ብልህና ትዕግሥተኛ መሆኗን መጽሐፉ ይናገራል። ዘርዐ ያዕቆብ ሊያገባት ጌታዋን ሲጠይቅ ሀብቱ ከዛሬ ጀምሮ የአንተ አገልጋይ ትሁን አለው። እርሱ ግን ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ስለሆኑ የሚፈልጋት አገልጋይ ሳይሆን ሚስት እንድትሆነው መሆኑን መለሰ። የእርሷንም ፈቃድ ጠይቆ አገባት፤ ወንድ ልጅም ወለዱ። በዋሻ ውስጥ ሰዎች ሁሉ እኩል ናቸው ብሎ ያሰበው ነገር በእንፍራዝ ቤት ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው በዚህ ነው። ብዙ ሰው መልካም ነገር አስቦ ቤቱ ሲገባ ይረሳዋል፤ እርሱ አልረሳውም።

ይሁንና አንድ የሚያስጨንቅ ነገር አለ። ዘርዐ ያዕቆብ በሕዝቡ መካከል እንደ ማንኛውም ክርስቲያን ሆኖ ኖረ፤ በልቡ የደረሰበትን ለአደባባይ አልተናገረም። ሰዎች የክርስቲያን ሥርዐት የሚጠብቅ አድርገው ያዩት ነበር። ይህን ያደረገው ሰዎች እንዳይሰናከሉና እርሱም በከንቱ እንዳይጠላ መሆኑን ይገልጻል። ለወልደ ሕይወት ብቻ ገለጠለት፤ መጽሐፉንም በእርሱ ልመና በስድሳ ስምንት ዓመት ዕድሜው ጻፈለት። የአክሱም ጉባኤ ያስከፈለው ዋጋ ትዝ እያለው ዝም ማለቱን እንደ ፍርሃት ልንቈጥርበት አንችልም። ሆኖም ልቡና የሰው ሁሉ ዳኛ ነው ብሎ የሚያስተምር ሰው ያንን ዳኝነት ለአንድ ደቀ መዝሙር ብቻ ማሳየቱ በሕይወቱ ውስጥ ያልተፈታ ቋጠሮ ሆኖ ይቀራል።

ዘርዐ ያዕቆብ በ1692 በዘጠና ሦስት ዓመት ዕድሜው እንዳረፈ ወልደ ሕይወት ጽፏል። ደቀ መዝሙሩም በበኩሉ ሌላ ሐተታ ደርሷል፤ የእርሱ መጽሐፍ ከመምህሩ ይልቅ ወደ ኑሮ ያዘነበለ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ሥራና ስለ ትዳር በሰፊው የሚመክር ነው።

የመጽሐፉ ክርክር

እስከዚህ የተረክነው ሁሉ የመጽሐፉ ቃል ነው። መጽሐፉ ግን በዓለም የታወቀው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በተባለ ጣልያናዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ በኩል ነው። ይህ ሰው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በበጌምድር ተቀምጦ ግእዝ ያጠና ነበር፤ ሐተታውንም በ1850ዎቹ መጀመሪያ ለፈረንሳዊው ምሁር ለአንቷን ዳባዲ ላከለት። ዛሬ ሁለቱ ቅጂዎች በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ሁለቱም በእርሱ እጅ ያለፉ ናቸው። ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን በ1904 ሁለቱንም ሐተታዎች አሳተመ። በ1920 ግን ጣልያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው ብሎ ጻፈ፤ ኦይገን ሚትቮኽም በ1934 ደገፈው። የመጽሐፉ ዐሳብ ለአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያዊ እንግዳ ነው የሚለውም አንዱ መከራከሪያ ነበር።

ከ1953 ጀምሮ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር ይህን ዐሳብ ተቃወሙ። የሁለቱን ሐተታዎች ቋንቋና አጻጻፍ አነጻጽረው በ1976 ባወጡት መጽሐፍ ሁለት የተለያዩ ኢትዮጵያውያን ደራሲዎች መኖራቸውን ተከራከሩ። ክርክሩ በዚህ አላበቃም። ፈረንሳዊቷ የታሪክ ምሁር አናይስ ቪዮን በ2013 የጁስቶን ደራሲነት እንደገና አጠንክራ አቀረበች። የግእዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ ቀድሞ የነበራቸውን ጥርጣሬ ለውጠው መሠረቱ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ወደሚለው አዘነበሉ። በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጒም ሲወጣም ክርክሩ አብሮ ተነሥቷል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ለእኛ ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው የሀገር ክብር ነው፤ መጽሐፉ የሚያኰራን ስለሆነ ብቻ እውነተኛ ነው ብሎ ማመን። ሁለተኛው የባዕድ ሰውን ፍርድ መፍራት ነው፤ ትላልቅ ስሞች ሐሰተኛ ስላሉት ብቻ መተው፣ ወይም ኢትዮጵያዊ እንዲህ ሊያስብ አይችልም የሚለውን ንቀት እንደ ማስረጃ መቀበል። ሁለቱም ሳይመረምሩ መቀበል ናቸው፤ ሁለቱም መጽሐፉ ራሱ የሚነቅፋቸው ልማዶች ናቸው። ቅጂዎቹ በማን እጅ እንዳለፉ መጠየቅ፣ ግእዙን ከሌሎች የዘመኑ ድርሰቶች ጋር ማስተያየት፣ የአንድምታና የቅኔ ቤት ትምህርት እንዲህ ያለ አእምሮ ሊያፈራ መቻሉን ማጥናት የሚገባን ለዚህ ነው። ሥራውም ከሁሉ ይልቅ የሚገባው ግእዝንና ዘመናዊ ትምህርትን አስተባብረው ለያዙ የሀገሩ ልጆች ነው።

ለመምህራን የሚቀረው

ከሾላ ገበያ በላይ ባለው የየካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ይገኛል። ያ ቦታ ከዘርዐ ያዕቆብ ጋር አንዳች የታሪክ ግንኙነት የለውም። ነገር ግን ወደዚያ የሚወጣ ሰው አለቱን ፈልፍሎ መቅደስ ለማድረግ ምን ያህል ስሌት እንደሚጠይቅ ያያል። ምሰሶው የሚቆምበትን ሳይለኩ፣ የጣሪያውን ክብደት ሳይገምቱ አለት አይፈለፈልም፤ ስሌቱ ግን ሁሉ የተደረገው ለጸሎት ነው። በሀገራችን እምነትና ልቡና በአንድ እጅ ሲሠሩ የኖሩ መሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ መፈለግ አያሻም።

ስለዚህ ዘርዐ ያዕቆብን በየክፍላችን ስናስተምር ሁለት ነገር እንድናደርግ ይገባል እንላለን። መጀመሪያ ሕይወቱንና ዐሳቡን ከነክርክሩ እናቅርብ፤ ተማሪው የሚኰራበትን ብቻ ሰምቶ ኋላ ክርክሩን ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማ መምህሩ እንደ ሸነገለው ይቈጥራልና። ሁለተኛ፣ አንድ ተማሪ ስለ እምነቱ ለምን ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄውን እንደ ክሕደት አንይበት፤ እምነቱን አጥብቆ የያዘውንም ተማሪ እንደ ኋላ ቀር አንይበት። ሁለቱም በአንድ ወንበር ላይ ሊቀመጡ የሚችሉበት ክፍል ማዘጋጀት የመምህር ሥራ ነው። የአክሱሙ መምህር ይህን ክፍል ለማዘጋጀት አራት ዓመት ሞክሮ በሌሊት ተሰደደ። እኛ ሰው ስለ ጠየቀ ወይም ስላመነ ከጉባኤያችን በሌሊት እንዳይወጣ ማድረግ ከቻልን እርሱ የጀመረውን ሥራ በጥቂቱም ቢሆን ቀጥለናል ማለት ነው።